የተበደረ ዓይን

ሰው ለሰው ከሚያበድረው ነገር ሁሉ ከባዱ ምን ይሆን? ገንዘብ ነው የሚሉ አይጠፉም። ገንዘብ ግን ቢካድም ይቆጠራል፤ «ይህን ያህል ነበር» ተብሎ በሽማግሌ ፊት ይዳኛል። እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ ሲከነክነኝ የኖረው ሌላ ብድር ነው። እኔ አይቼ እርሱ ላላየው ሰው ያየሁትን ስነግረው ዓይኔን አበደርኩት ማለት ነው። ያበደርኩት ዓይን እውነተኛ ይሁን ሐሰተኛ ተበዳሪው የሚያጣራበት መንገድ የለውም። ያለው ምርጫ ማመን ብቻ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. ማታ የአቴንስ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር የወንዶች ፍጻሜ ይካሄድ ነበር። እኔ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነኝ። አባቴ በዚያው ሳምንት የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አንደኛው ዓይኑ በፋሻ ታስሯል፤ ሌላኛውም ተራውን የሚጠብቅ ነበርና ከጥላ በቀር አይለይም። ቤታችን ቴሌቪዥን አልነበረም። የሬዲዮናችን ባትሪ ድንጋይ ደግሞ እንደ ልማዱ በሚፈለግበት ሰዓት አልቋል። አባቴ በኃይሌ ገብረሥላሴ ነገር ቀልድ አያውቅም፤ የአትላንታንና የሲድኒን ወርቆች ራሱ ሮጦ ያመጣቸው ያህል ይቆጥራቸው ነበር። ስለዚህ «ሂድና ጎረቤት ሆነህ እይልኝ፤ መጥተህ አንድም ሳታስቀር ትነግረኛለህ» ብሎ ላከኝ።

ሄድኩ፤ አየሁ። ቀነኒሳ በቀለ አንደኛ፣ ስለሺ ስህን ሁለተኛ ወጡ። ሦስተኛው ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ፣ አራተኛው ዑጋንዳዊው ቦኒፌስ ኪፕሮፕ ነበሩ። እግሩን እያመመው የሮጠው ኃይሌ አምስተኛ ሆነ።

ከጎረቤታችን ደጃፍ እስከ እኛ ደጃፍ አርባ እርምጃ አይሞላም። በዚያች አርባ እርምጃ ውስጥ፣ አባቴ ፋሻውን ወደ በሩ አዙሮ እየጠበቀኝ መሆኑን ሳስበው፣ «አምስተኛ» የሚለው ቃል ከአፌ እንደማይወጣ ገባኝ። ገባሁና «አባባ፣ ሦስቱንም የእኛ ልጆች ወሰዱት! ኃይሌ ሦስተኛ ነው» አልኩት። አባቴ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ አመሰገነና ደስ ብሎት ተኛ። እኔም በጎ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ዘመድ ወዳጅ ሊጠይቀው ተሰበሰበ። አባቴ ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ሰማችሁ አይደል፤ ሦስቱንም እኮ ነው!» ብሎ ወሬውን ራሱ ጀመረው። ቤቱ ጸጥ አለ። ከእንግዶቹ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እውነቱን ነገረው። አባቴ በሰው ፊት አንዲት ቃል አልተናገረኝም። እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ግን እኔ የተቀመጥኩበት መስሎት ወደ ባዶው ወንበር ዞሮ «ልጄ፣ ዓይንህን አበድረኝ አልኩህ እንጂ ሆድህን አበድረኝ አላልኩህም» አለኝ።

ከዓመታት በኋላ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ስማር ስለ ሚዛናዊነትና ስለ አለማዳላት ብዙ ተነገረን፤ ፈተናም ተፈተንበት፤ አለፍኩም። የአባቴን ጥያቄ የሚመልስ ግን አላገኘሁም። የመልሱን ጭራ የያዝኩት ከክፍል ውጪ፣ ስለ አንድ የራግቢ ተጫዋች ሳነብ ነው።

ሰውዬው ቴዲ ዌክላም ይባላል። እንግሊዛዊ ነው። በለንደን ለሃርለኩዊንስ ክለብ ራግቢ የተጫወተ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መኮንን ሆኖ የተዋጋ፣ በሬዲዮ ሥራ ግን አንዳች ልምድ ያልነበረው ሰው። በአሜሪካ ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቦክስና ቤዝቦል በሬዲዮ ይሰማ ነበር። በእንግሊዝ አገር ግን የጋዜጣ ባለቤቶች «ገበያችንን ይዘጋብናል» በማለት ሬዲዮ ከማታ በፊት ዜና እንዳያሰማ አስገድበውት ቆይተዋል። ቢ.ቢ.ሲ. በጥር 1927 እ.ኤ.አ. በአዲስ መልክ ሲቋቋም እገዳው ላላ። ሁለት ሳምንት ሳይቆይ፣ በጥር 15፣ እንግሊዝና ዌልስ በትዊከንሃም ሜዳ የሚያደርጉት የራግቢ ግጥሚያ በቀጥታ እንዲተላለፍ ተወሰነና ማይክሮፎኑ ፊት የተቀመጠው ዌክላም ሆነ።

አስቡት እንግዲህ። እንዴት እንደሚደረግ የሚያሳየው ቀዳሚ በአገሩ የለም። ሠላሳ ሰው ይሮጣል፤ ይወድቃል፤ ይከመራል። አድማጩ ደግሞ በየሳሎኑ ተቀምጧል፤ ማን እንደሆነ፣ ጨዋታውን ይወቅ አይወቅ አይታወቅም። ለማን ነው የሚናገረው? ለማይክሮፎን? ለመላው አገር? ለመላው አገር መናገር እኮ ለማንም አለመናገር ነው።

ዝግጅቱን ይመራ የነበረው ላንስ ሲቭኪንግ አንድ ዘዴ ዘየደ። ከሴንት ደንስታን አንድ ዓይነ ስውር አስመጥቶ ከማስተላለፊያዋ ጎጆ መስኮት አጠገብ አስቀመጠው። ሴንት ደንስታን በ1915 እ.ኤ.አ. በጦርነት ዓይናቸው ለጠፋ ወታደሮች የተቋቋመ ድርጅት ነው። ለዌክላም የተሰጠው ትእዛዝ አጭር ነበር፤ አገሩን እርሳው፣ ለዚህ ሰው ንገረው። በፊቱ ደግሞ «አትሳደብ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎለት ነበር ይባላል። በጨዋታ መካከል የተጫዋች አፍ ምን እንደሚያመልጠው ሳያውቁት አልቀሩም።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ጊዜ ዝም አልኩ። የአባቴ ፋሻ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ከሃያ ሚሊዮን ጆሮ ይልቅ አንድ ፊት ይከብዳል። ሕዝብ የሚባለውን ነገር ማታለል ይቻል ይሆናል፤ ብዙዎችም ኑሯቸው እርሱ ነው። በመስኮቱ ሥር አንገቱን ቀና አድርጎ «አሁንስ? ኳሷ የት ደረሰች?» የሚል የሚመስለውን አንድ ሰው ግን ለማታለል ልብ ድንጋይ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ግን አንባቢ ሊሞግተኝ ይችላል። «አንተስ ያታለልከው አንዱን ሰው፣ ያውም አባትህን፣ ፊቱን እያየህ አይደለም ወይ?» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። ልቤ ድንጋይ ስለሆነ ግን አልነበረም፤ ልቤ ቅቤ ስለሆነ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ለመሆኑ ለዚያ ሥራ ተጫዋች የነበረ ሰው ለምን ተመረጠ? አንደበተ ርቱዕ ተዋናይ ወይም ሰባኪ በለንደን ጠፍቶ ነውን? አይደለም። ያልተጫወተ ሰው ሠላሳ ሰው ሲተራመስ ያያል እንጂ ጨዋታ አያይም። ኳሷን የያዘው ልጅ ትከሻውን ወዴት እንዳዘነበለ አይቶ ቀጥሎ የሚሆነውን የሚያውቀው በገዛ ትከሻው ያንን ያደረገ ብቻ ነው። ይሁንና ያ ዕውቀት በነጻ አልተገኘም። የተጫወተ ሰው ወገን ነበረው፤ ማልያ ለብሷል፤ ተሸንፎ አልቅሷል። ዌክላም እንግሊዛዊ ነው፣ በሜዳው ላይ ያለችው እንግሊዝ ናት። ልቡ ወዴት እንደሚያዘነብል ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያሻም።

እንግዲህ ቋጠሮው ይህ ነው። ያልተጫወተ አያዳላም፤ ግን አያይም። የተጫወተ ያያል፤ ግን ያዳላል። የማየት ችሎታውና የማዳላት ዝንባሌው ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። «ስሜትህን እቤትህ ትተህ ና» የሚለው የክፍል ትምህርት እዚህ ላይ ጎደሎ ሆኖ አገኘሁት። ስሜቱን እቤቱ የተወ ዓይኑንም አብሮ ትቶት ይመጣልና።

ይህን ቋጠሮ በአደባባይ የተፈተነበት ሌላ ሰው አለ። ሃሮልድ አብርሃምስ በ1924 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ወርቅ ያገኘ እንግሊዛዊ አይሁድ ነው። በዓመቱ ርዝመት ሲዘል እግሩ ተሰበረና ሩጫው በዚያው አበቃ። ሮጦ ያልጠገበው ሰው ወደ ብዕርና ወደ ማይክሮፎን ዞረ፤ ለብዙ አሥርተ ዓመታትም የቢ.ቢ.ሲ. የአትሌቲክስ ድምፅ ሆነ። በ1936 እ.ኤ.አ. ሂትለር በሚገዛት በርሊን የተካሄደውን ኦሊምፒክም አስተላልፏል።

ነሐሴ 6 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. የ1500 ሜትር ፍጻሜ ነበር። ከሯጮቹ አንዱ የኒውዚላንዱ ጃክ ላቭሎክ የአብርሃምስ ወዳጅ ነው። ላቭሎክ 300 ሜትር ያህል ሲቀረው አፈተለከ። የአብርሃምስ ድምፅ ተቀርጾ ቀርቷል፤ በዚያች ቅጽበት ዘጋቢነቱ ሲረሳው ይሰማል። ሯጩን በስሙ እየጠራ «በርታ» ይላል፤ ይጮኻል፤ ፈጣሪን ይጠራል፤ መጨረሻ ላይም እንደ ሕፃን እልል ይላል። ላቭሎክ በ3፡47.8 የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። አሜሪካዊው ግሌን ካኒንግሃም ሁለተኛ፣ ጣሊያናዊው ሉዊጂ ቤካሊ ሦስተኛ ሆኑ።

የሚዛናዊነት መምህር ቢሰማው አብርሃምስን ከፈተናው ዜሮ ይሰጠው ነበር። እኔ ግን ደጋግሜ ሳስበው አንድ ነገር አስተዋልኩ። አብርሃምስ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ይቆጥራል። ላቭሎክ ተከታዩን በስንት ያርድ እንደቀደመ፣ አምስት፣ ስድስት እያለ ይናገራል። ልቡ አብዷል፤ ዓይኑ ግን አላበደም። አድማጩ ሁለት ነገር ይሰማል፤ «ይህ ሰው ላቭሎክን ይወዳል» የሚለውንና «ላቭሎክ በስድስት ያርድ ቀድሟል» የሚለውን። ሁለቱ ስላልተቀላቀሉ አድማጩ ፍቅሩን ቀንሶ ርቀቱን መውሰድ ይችላል።

«ላቭሎክ ስላሸነፈ ነው እንጂ ቢሸነፍስ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ፈተናውም እርሱ ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገብቷል። ከሦስት ወር በኋላ ቤካሊ የጣሊያንን መለያ ለብሶ በርሊን ላይ ይሮጣል። በዚያ ማይክሮፎን ፊት የተቀመጠው አንድ ኢትዮጵያዊ ቢሆን ኖሮስ? ቤካሊን እንዲወድ ማንም ሊጠይቀው አይችልም። ስሙን ሲጠራ ድምፁ ቢሻክር የሚፈርድበት ማን ነው? ሦስተኛ የወጣውን ሰው አራተኛ ነው ቢል ግን የበደለው ሞሶሊኒን አይሆንም። ሞሶሊኒ ይህን አይሰማውም። የሚበደለው በመስኮቱ ሥር የተቀመጠው ዓይነ ስውር ነው።

ከዚህ በኋላ የ1927ቱን ስርጭት ሌላ ጎኑን ማየት ጀመርኩ። ዌክላም ብቻውን አልነበረም። ሬዲዮ ታይምስ የተባለው መጽሔት አስቀድሞ የሜዳውን ሥዕል እንደ ገበጣ በስምንት ቤት ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱን ቤት ቁጥር ሰጥቶ አትሞት ነበር። ዌክላም ጨዋታውን በስሜት ሲተርክ ከጎኑ የተቀመጠው ሁለተኛ ሰው ኳሷ ያለችበትን ቤት ቁጥር ብቻ በየመካከሉ ይጠራል። «ሦስት… አምስት… አምስት…»። አድማጭ ሥዕሉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ በጣቱ ይከተላል። የመጀመሪያው ድምፅ ይግላል፤ ሁለተኛው አይግልም። ያለ መጀመሪያው ድምፅ ጨዋታው በድን ነው። ያለ ሁለተኛው ደግሞ አድማጩ የዌክላም ልብ እስረኛ ይሆናል። በዚያን ቀን እንግሊዝ 11 ለ 9 አሸነፈች። በሁለት ነጥብ ብቻ ነው፤ ልብ ለመሳት የሚበቃ ጠባብ ልዩነት።

አብርሃምስ ያደረገው ሁለቱን ድምፆች በአንድ አፍ መያዝ ነው። በእኛም አገር ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ፣ የደምሴ ዳምጤን ድምፅ በሬዲዮ የሰሙ ታላላቆቻችን እስከ ዛሬ ሲያወሩት ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ደምሴ የማን ወገን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ግልጽ ነበርና። የተሰወረ ወገንተኝነት ነው ሰውን የሚያስተው።

እኔ በዚያች የነሐሴ ሌሊት የሠራሁት የዚህ ተቃራኒ ነው። ልቤን ደበቅሁ፤ ቁጥሩን ለወጥኩ። ቆሜ «አባባ፣ አምስተኛ ነው የወጣው፤ እኔም አልቅሻለሁ» ብለው ኖሮ ሁለቱንም ድምፅ በሰጠሁት ነበር።

ለራሴ ስከራከር የኖርኩት በመርዶ ልማዳችን ነበር። እኛ እኮ ክፉ ወሬ በድንገት የማናረዳ ሕዝብ ነን። ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ ወዲያው አይነገረውም፤ ወዳጅ ይጠራል፤ ይሰበሰባል፤ ሊነጋጋ ሲል ተሂዶ ይነገረዋል። የታመመን ሰው በእውነት መደብደብ ጨዋነት አይደለም እል ነበር። ግን መርዶ እውነትን ያቆያል እንጂ አይለውጥም። የሚያቆየውም ሐዘንተኛው ሲሰማ ብቻውን እንዳይሆን ነው። የእኔ ውሸት ግን የሚነጋበት ሰዓት አልነበረውም። አባቴ እውነቱን ሲሰማ ብቻውን፣ ያውም በሰው ፊት አፍሮ፣ እንዲሰማ አደረግሁት። የተበደረውን ዓይን አምኖ ለሌላው አበደረ፤ ሐሰተኛ ምስክር ሆነ። የእኔ ርኅራኄ ያደረሰው እዚህ ነው።

ከሁሉ የባሰውን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው። ኃይሌን ሦስተኛ ሳደርገው ከአንድ ሰው አንገት ላይ ሜዳሊያ አውልቄያለሁ። ዘርሰናይ ለኤርትራ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አስገኝቷል። ሁለቱ አገሮች ከተታኮሱ ገና አራት ዓመታቸው ነበር። አባቴ ያንን ልጅ በልቡ ሊያመሰግነው ይችል እንደነበር አውቃለሁ፤ ሩጫ የሚያውቅ ሰው ነውና። እኔ ግን ያ ልጅ በዚያች ሌሊት እንዳልሮጠ አደረግሁት። ለወገን ተብሎ የሚነገር ውሸት ሁልጊዜ አንድ ያልታየ ሰው ይሰርዛል።

ደግሞስ ምን ሰጠሁት? በዚያ ውድድር መካከል ቀነኒሳና ስለሺ ኃይሌ ወደ ኋላ ሲቀር እየዞሩ አይተውታል፤ ፍጥነታቸውን ቀንሰው እንዲደርስባቸው ጠብቀውታል። ሁለት ወጣቶች በኦሊምፒክ ፍጻሜ ላይ ዞረው ታላቃቸውን ሲጠብቁ! ኃይሌን ለሚወድ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምን ስጦታ አለ? ይህን አልነገርኩትም። «ኃይሌ ሦስተኛ ነው» ካልኩ በኋላ ወደ ኋላ የቀረበትን ታሪክ መናገር አልችልም ነበርና። የነሐስ ሜዳሊያ ፈጥሬ ወርቁን ታሪክ ነጠቅሁት።

ዛሬ ዓይን የምናበድርበት ጊዜ በዝቷል። በውጭ ያለ ልጅ ደውሎ «እማዬ እንዴት ናት?» ይላል፤ እኛ «ደህና ናት» እንላለን። አንዱ መንደር ስለሌላው መንደር ይጠይቃል፤ ያየ ሰው ይነግረዋል። ልባችን ወገን አለው፤ የለንም ብንልም ማንም አያምነን። ልብ የሌለው ምስክር ይምጣ አልልም። ቢመጣም አያይልንምና። የምጠይቀው ልባችን ሲጮኽ ከጎኑ የሚቆጥር አንድ ድምፅ እንዲኖር፣ በመስኮቱም ሥር አንድ ሰው ተቀምጦ እየጠበቀን መሆኑን እንዳንረሳ ነው።

ነሐሴ 11 ቀን 2000 ዓ.ም. የቤጂንግ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ሲካሄድ አባቴ ሁለቱም ዓይኖቹ ድነው ነበር። ግን የዕድሩ አባል ሞቶበት ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነበርና አላየውም። ሩጫው እንዳለቀ ሄጄ ከአጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው እንዳይሰማው ጎንበስ ብሎ «እህ?» አለኝ።

«ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ።»

«ኃይሌስ?»

«ስድስተኛ» አልኩት።

ጥቂት ዝም አለ። ቀጥሎ «ዘርሰናይስ?» አለኝ።

«አምስተኛ።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀና ጋቢውን ሰብስቦ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «እሺ» አለኝ፤ «በል አሁን ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።»